ለመንገድ የሚሆን ዘፈን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቤተሰቦቼ ደሴ ናቸው፣ እኔ የምኖረው አዲስ አበባ። በዓመት ሦስት አራት ጊዜ እመላለሳለሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ በአውቶቡስ። መንገድ ልወጣ ስል መጀመሪያ የማዘጋጀው ዘፈን ነው፤ ልብሱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ጓደኞቼና ዘመዶቼም ጉዞ ሲኖራቸው ይደውሉና "ምን ይዤ ልሂድ?" ይሉኛል። የሚጠይቁኝ ነገር ስለሚመሳሰል መልሱን አንድ ቦታ ልጽፈው ብዬ ነው።

የመንገድ ዘፈን ከሌላ ጊዜ ዘፈን በምን ይለያል?

ቤት ውስጥ የምትሞቱለት ዘፈን መንገድ ላይ ምንም ላይላችሁ ይችላል። እኔ ይሄን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ድሮ የምወዳቸውን ሁሉ አንድ ላይ ጠቅጥቄ እሄድ ነበር፤ ደብረ ብርሃን ሳልደርስ ሁሉም ይሰለቸኛል። ምን እንደሆነ ሳስበው፣ ቤት ስንሆን ዘፈኑን ብቻ ነው የምንሰማው። መንገድ ላይ ግን ዓይናችንም ሥራ ላይ ነው። ማሳው ያልፋል፣ ገደሉ ያልፋል፣ ከብት የሚነዳው ልጅ እጁን እያውለበለበ ያልፋል። ዘፈኑ ከዚህ ሁሉ ጋር አብሮ መሄድ አለበት፤ ካልሄደ ጣልቃ ይገባል።

ስለዚህ እኔ የምመርጠው በዘፋኝ ሳይሆን በመንገዱ ነው። ዳገቱ የት ነው? ሜዳው የት ነው? ፀሐይ ስትወጣ የት እደርሳለሁ? እንቅልፍ የሚጥለኝ የቱ ጋ ነው? ይሄን ካወቃችሁ ምርጫው ግማሹ አለቀ። ሌላው ርዝመት ነው። የእኛ የድሮ ዘፈኖች ስድስት ሰባት ደቂቃ መሄድ አይከብዳቸውም፣ ለመንገድ ደግሞ ይሄ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ የሚያልቅ ዘፈን አንድ ኩርባ እንኳ ሳያዞር ያበቃል።

እስቲ የደሴውን መንገድ በምሳሌ አስረጂን?

ደስ ይለኛል። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። (በእነዚህ ዓመታት መንገዱ ሰላም መሆኑን አስቀድሞ መጠየቅ ግድ ነው፤ እኔም ሳልጠይቅ ትኬት አልቆርጥም።) ላምበረት መናኸሪያ የምንደርሰው ጎህ ሳይቀድ ነው። በዚያ ሰዓት ቃል መስማት የሚፈልግ ሰው የለም። ረዳቱ ሻንጣ እየጫነ ይጮሃል፣ ተሳፋሪው ጋቢውን እንደተከናነበ ያንቀላፋል። እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ፤ እኔ ያን ሁሉ መንገድ የምሰማው ቃል የሌለው ሙዚቃ ነው። በተለይ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ፒያኖ። ጭጋጉ ከሜዳው ላይ ሲነሳ፣ ገበሬው በሬዎቹን ይዞ ሲወጣ፣ ፒያኖው አንዳንዴ ቆም ይላል፣ ከዚያ ይቀጥላል፣ የሆነ ነገር አስታውሶ እንደሚተርክ ሰው። እማሆይ በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ውስጥ አረፉ። ዜናውን ስሰማ መጀመሪያ ዓይኔ ላይ የመጣው ያ የጠዋት ሜዳ ነው።

ደብረ ብርሃን ላይ ቁርስ አለ፣ ብርዱም አለ። ሻይ ከተጠጣ በኋላ ሰው ወሬ ይጀምራል፣ የጎን ለጎን ትውውቅ እዚህ ነው የሚሆነው። ወሬ ካለ ዘፈን አያስፈልግም፣ ማዳመጫችሁን አውጡ።

ከዚያ ጣርማ በር ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራው ዋሻ ውስጥ ስንገባ የሹፌሩ ሬዲዮ ይቆራረጣል፣ ይጨልማል፣ በወዲያኛው ጫፍ ስንወጣ ምድሩ ከእግራችን ሥር ወርዶ እታች ድረስ ይታያል። እዚያ ላይ ምንም አትክፈቱ። ከልቤ ነው የምላችሁ። ይሄን ያህል ጊዜ አይቼውም ያ ቁልቁለት እስከሚያልቅ ጆሮዬን ባዶ ነው የማደርገው። ደግሞም ከፍታው ቶሎ ሲቀንስ ጆሮ ይደፈናል፣ የተሰካበት ነገር ካለ ይብሳል። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ በመስኮት ገዝቶ እሱን እየቆረጠሙ መውረድ ነው፤ ማኘኩ ጆሮውንም ይከፍተዋል።

ሸዋ ሮቢት ሲደረስ ሌላ አገር የተገባ ያህል ነው። ሙቀት። ጋቢው ወለቀ፣ ሹራቡ ወለቀ። ከሮቢት በአጣዬ አድርጎ እስከ ከሚሴ ያለው ቆላ እንቅልፍ ያመጣል፣ ከሰዓት ከሆነማ አይጣል ነው። እዚህ ነው ጭክጭካው የሚያስፈልገው። ያ ስድስት ስምንተኛ የሚሉት ምት፣ ትከሻ ሳይጠየቅ የሚንቀሳቀስበት። የማህሙድ አህመድን "ኧረ መላ መላ" እዚህ ነው የማስገባው። እ.ኤ.አ. በ1975 የተቀዳ ዘፈን ነው፤ ዛሬም ሲከፈት ግን ከኋላ ወንበር አብሮ የሚያንጎራጉር ሰው አይጠፋም። ከሚሴ ስንጠጋ ደግሞ ኦሮምኛ እቀይራለሁ። ከመናኸሪያው ገበያ የሚሰማው ቋንቋም እሱው ነውና። ዓሊ ቢራን ቋንቋውን ባትችሉም ስሙት፤ ድምፁ መንገዱ ላይ ረጋ ብሎ ይቀመጣል፣ አይቸኩልም፣ ጊታሩም እንደዚያው።

ከኮምቦልቻ ደሴ ቅርብ ነው፣ ግን ሀረጎ አለ። ጠመዝማዛ ዳገት። አውቶቡሱ በአንደኛ ማርሽ ያቃስታል፣ ከታች ኮምቦልቻ እያነሰ እያነሰ ይሄዳል። ለዚህ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለኝ፦ አምባሰል፣ ከአራቱ የዜማ ቅኝቶቻችን አንዱ። በማሪቱ ለገሰ ድምፅ። ድምፁ ልክ እንደ መንገዱ ይወጣል፣ ይዞራል፣ እንደገና ይወጣል። እዚያ ዳገት ላይ ያልሰማ ሰው አምባሰልን ሙሉ በሙሉ ሰማሁ ባይል እመርጣለሁ። የወሎ ልጅ ስለሆንኩ አድልቼ ሊሆን ይችላል፣ ቢሆንም ሐሳቤን አልቀይርም።

ባቲና አምባሰል እውነት የቦታ ስም ናቸው?

አዎ። ብዙ ሰው የቅኝት ስም ብቻ ይመስለዋል። አራቱ ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ለኔ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ ነው የሚጠቀሙት፣ ልዩነቱ በአምስቱ መካከል ያለው ርቀት ነው። ከአራቱ ሁለቱ የወሎ መሬት ናቸው። ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አፋር በሚወርደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የሰኞ ገበያዋ የታወቀ ነው፣ ደጋውና ቆላው እዚያ ይገናኛል። አምባሰል ደግሞ ከደሴ ወደ ሰሜን፣ ሐይቅን አልፎ ያለ ተራራማ አገር ነው። በ1881 ዓ.ም. ውሉ የተፈረመባት ውጫሌም እዚያው አምባሰል ውስጥ ናት።

ይሄን ማወቁ ለምን ይጠቅማል ብትሉኝ፣ በስሙ የሚጠራበትን አገር በመስኮት እያያችሁ ዘፈኑን መስማት የምትችሉበት ዕድል በዓለም ላይ ብዙ የለም። እኛ አለን። ወደ ባቲ የምትወርዱ ከሆነ ባቲን ይዛችሁ ውረዱ፣ ከሐይቅ ወደ ውጫሌ የምትሄዱ ከሆነ አምባሰልን። መንገዱ ያስተምራችኋል፣ መምህር አያስፈልጋችሁም።

ትዝታ መንገድ ላይ ሆድ አያስብስም?

ያስብሳል። ግን እንደ አቅጣጫው ነው። ወደ ቤት ስትሄዱ ትዝታ ያጣፍጣል፣ ምክንያቱም የናፈቃችሁት ሰው ጋ እየቀረባችሁ ነው። ከቤት ስትመለሱ ግን ተጠንቀቁ።

አንድ ጊዜ እናቴን ደሴ መናኸሪያ አስለቅሻት፣ እኔም እያለቀስኩ ተሳፈርኩ። ገና ከመንቀሳቀሳችን ትዝታ ከፈትኩ፤ ለምን እንዳደረግኩት አላውቅም፣ እጄ ነው የከፈተው። ኮምቦልቻ እስክንወርድ ድረስ እንባዬ አልቆመም። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ዝም ብለው ሲያዩኝ ቆዩና "ልጄ፣ እሱን ዝጊውና ብርቱካን ብዪ" አሉኝ፤ ልጠውም ሰጡኝ። እስከ አዲስ አበባ ድረስ ስለ ልጆቻቸው እያወራን ሄድን። ስማቸውን ሳልጠይቃቸው ተለያየን፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲህ ልማዴ እንዲህ ሆነ፦ ስመለስ የመጀመሪያውን ሁለት ሰዓት ትዝታ አልነካም። ሞቅ ያለ ነገር ወይም ወሬ። ደብረ ብርሃንን ካለፍን በኋላ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ልቤ ረጋ ሲል፣ አንድ ትዝታ። አንድ ብቻ። ያኔ ደስ ይላል እንጂ አያምም።

ቃል የሌለው ሙዚቃ አይሰለችም?

አይሰለችም፣ እንዲያውም ለረጅም መንገድ ከዚያ የሚሻል የለም። ቃል ያለው ዘፈን ታሪኩን እሱ ይነግራችኋል። ቃል የሌለው ግን ታሪኩን ለእናንተ ይተወዋል፣ በመስኮት የምታዩት ነገር ግጥም ይሆንለታል።

ይሄ የእኔ ብቻ ሐሳብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ አንድ የአሜሪካ ፊልም አለ፣ ጂም ጃርሙሽ የሠራው፣ "ብሮክን ፍላወርስ" የሚባል። ዋናው ሰውዬ የድሮ ፍቅረኞቹን ፍለጋ በመኪና አገር ያዳርሳል። ጎረቤቱ ኢትዮጵያዊ ነው፤ ለመንገድህ ብሎ ሲዲ ያዘጋጅለታል፣ በዚያ ሲዲ ላይ ያለው የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ ነው። ሰውዬው በማያውቀው የአሜሪካ መንገድ "የከርሞ ሰው"ን እየሰማ ይነዳል። ብዙ የውጭ ሰው ሙላቱን ያወቀው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ግን ፊልሙን ሳየው የገረመኝ ጎረቤትየው ነው። ለመንገደኛ ዘፈን አዘጋጅቶ መስጠት፣ ስንቅ እንደመቋጠር፣ ይሄ በጣም የእኛ ነገር ነው።

ሌላው የማልጠግበው የኃይሉ መርጊያ ነው። የዋልያስ ባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1977 "ቼ በለው" የሚል አልበም አወጣ፤ ቼ ማለት መቼም ፈረስ ወይም በቅሎ ስንነዳ የምንለው ነው፣ ከርዕሱ ጀምሮ የመንገድ ሙዚቃ ነው። በኋላ ኃይሉ አሜሪካ ቀረ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮኑን ከኪቦርድና ከድረም ማሽን ጋር አድርጎ ብቻውን አንድ አልበም ሠራ። ከዚያ ለብዙ ዓመታት ዋሽንግተን አጠገብ ባለው የደለስ አየር ማረፊያ ታክሲ እየነዳ ኖረ። ኪቦርዱን ከታክሲው ኋላ ሳጥን ውስጥ ይዞ፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመድ ነበር። ያ አልበም እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም ሲሰማው ተመልሶ መድረክ ላይ ወጣ። ያን የአኮርዲዮን ድምፅ በመኪና ውስጥ ስሰማ ሁልጊዜ ይሄ ታሪክ ይመጣብኛል፣ ሙዚቃውም ይበልጥ ይጠልቅብኛል።

ወደ ጎጃም ለሚሄድ ሰውስ?

የጎጃሙ መንገድ እስከ ጎሐ ጽዮን ድረስ በአብዛኛው ሜዳ ነው፤ በጫንጮ፣ በፍቼ፣ በገርበ ጉራቻ። እዚያ የፈለጋችሁትን ስሙ። ዋናው ነገር የዓባይ በረሃ ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው፣ ግማሹ መውረድ ግማሹ መውጣት። ሙቀቱ ከታች ይቀበላችኋል፣ ዝንጀሮዎቹ ከመንገዱ ዳር ቁጭ ብለው ያያሉ፣ ድልድዩ ላይ ስትደርሱ መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ ወንዙ አንገቱን ያሰግጋል።

ለዚህ የእጅጋየሁ ሽባባውን፣ የጂጂን "ዓባይ" ሳይዝ የሚወርድ ሰው አይገባኝም። እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው አልበሟ ላይ ነው ያለው። ጂጂ የቻግኒ ልጅ ናት፣ ዓባይን የዘፈነችው እንደሚያውቀው ሰው ነው። እዚያው አልበም ላይ "መንገደኛ" እና "ባለ ዋሽንቱ" የሚሉ ዘፈኖችም አሉ። እኔ እንዲህ ነው የማደርገው፦ "መንገደኛ"ን ጎሐ ጽዮን ላይ፣ "ዓባይ"ን ድልድዩ ጋ እንዲደርስ አድርጌ ቁልቁለቱ መሐል ላይ። ሰዓቱን ለማግጠም ሁለት ጉዞ ፈጅቶብኛል። ሲገጥም ግን ሰውነቴን ነው የወረረኝ። ደጀን ላይ ወጥታችሁ ያቺ ንፁህ የደጋ አየር ስትነካችሁ "ባለ ዋሽንቱ"።

ሹፌሩ የማልወደውን ዘፈን ቢከፍትስ?

መጀመሪያ ታገሡት። ሹፌሩ ያን መንገድ ከእናንተ በላይ ያውቀዋል። በካሴት ዘመን፣ ልጅ ሆኜ፣ ሹፌሮቹ የካሴቱን ፊት የሚገለብጡበት ቦታ ያለ ይመስለኝ ነበር፤ አንዱ ፊት 30 ደቂቃ ሲሆን ሲያልቅ ልክ የሆነ ከተማ መግቢያ ላይ ነው። አጋጣሚ ሊሆን ይችላል። ግን ብዙዎቹ ዘፈኖች እኔ ያወቅኳቸው በሹፌር ምርጫ ነው፤ የኤፍሬም ታምሩን የድሮ ሥራዎች አንድም በራሴ ፈልጌ አልሰማሁም፣ ሁሉም ከአውቶቡስ ነው የገቡብኝ።

ድምፁ ከበዛ ግን ተናገሩ። በጨዋ ደንብ፣ በረዳቱ በኩል። "ወንድሜ፣ ትንሽ ቀንሱልን፣ ሕፃን አለ" ካላችሁ አብዛኛው ይቀንሳል። ፍላሽ አምጥታችሁ "ይሄን ክፈቱልን" ማለትም ነውር አይደለም፣ እኔ ሁለት ሦስት ጊዜ አድርጌዋለሁ። ነገር ግን ሁሉም ሰው ሊሰማው የሚችል ነገር ይሁን።

ማድረግ የሌለባችሁ ነገር አንድ ነው፦ ያለ ማዳመጫ በስልካችሁ ድምፅ ማጉያ መክፈት። የሹፌሩ ዘፈን በአንድ በኩል፣ የእናንተ በሌላ በኩል፣ አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው መካከል ላይ ይሰቃያል።

በጾም ወራት ምን ይሰማል?

በዓቢይ ጾም 55ቱን ቀን ዘፈን የማይሰማ ሰው ብዙ ነው፣ በአውቶቡሱም ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ መዝሙር ነው የሚከፈተው። እኔ በዚህ ጊዜ የምይዘው በገና ነው። የዓለሙ አጋ በገና። ዐሥሩ አውታሮች ያን የሚነዝር ድምፅ ሲያወጡ ከሞተሩ ድምፅ በታች ይገባና አንድ ይሆናል፣ ደረት ላይ ነው የሚሰማው። ዝግ ያለ ስለሆነ ለመተኛትም ለማሰብም ይሆናል። አጠገባችሁ የሌላ እምነት ሰው ሊኖር ስለሚችል በማዳመጫ ስሙት፤ በረመዳን ነሺዳ ለሚሰማም እንደዚያው ነው። ወሎ ስለሆንን ሁለቱም በአንድ አውቶቡስ ውስጥ አሉ፣ ተከባብረን ነው የምንሄደው።

ኔትወርክ ሲጠፋ ምን ይሻላል?

ኔትወርክ ይጠፋል፣ አትጠራጠሩ። በዳገትና በገደል መካከል ሲኬድ ይመጣል ይሄዳል። ስለዚህ ቤት ሆናችሁ፣ ዋይፋይ ባለበት፣ ፋይሉን ራሱን ስልካችሁ ላይ አውርዱት።

አንድ ነገር ደርሶብኛል። በአንድ የሙዚቃ መተግበሪያ ላይ መቶ የሚሆን ዘፈን "አውርጄ" ተሳፈርኩ። ደብረ ሲና ላይ ስከፍተው ኢንተርኔት ያስፈልጋል አለኝ። ለካ የወር ክፍያው ሌሊቱን አልቆ ኖሯል፣ ዘፈኖቹም ተቆልፈዋል። የቀረውን መንገድ ሁሉ ያለ ምንም ሄድኩ። ከዚያ በኋላ መተግበሪያ ብቻ አምኜ አልወጣም፤ ገዝቼ ያወረድኩት ፋይል በሜሞሪ ካርድ ላይ አለኝ።

ቦታ ይፈጃል ብላችሁ አትስጉ። በ128 ኪሎቢት የተቀዳ ዘፈን በደቂቃ 1 ሜጋባይት ገደማ ነው የሚወስደው፣ የአምስት ደቂቃ ዘፈን 5 ሜጋባይት አይሞላም። በ320 ከሆነ ያው ዘፈን 12 ሜጋባይት ይሆናል። በመኪና ጫጫታ ውስጥ ልዩነቱ ብዙም አይሰማችሁም፤ 128ቱ ይበቃል፣ የክራርና የበገና ቅጂ ብቻ በትልቁ ያዙ። ስልኩን በረራ ሁነታ ላይ ማድረግም ባትሪ ይቆጥባል፣ ኔትወርክ ፍለጋ ነው ባትሪ የሚጨርሰው። ግን ቤተሰብ የሚደውልላችሁ ከሆነ በየከተማው ክፈቱት።

ድምፁን ምን ያህል ላድርገው?

የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ስልካችሁ ከሚችለው ከፍተኛ ድምፅ ከ60 በመቶ እንዳታልፉ ነው። መንገድ ላይ ይሄ ይከብዳል፣ ሞተሩ ስለሚጮህ ሳናውቀው እንጨምራለን። መፍትሔው ጆሮ ውስጥ በደንብ የሚገጥም ማዳመጫ መግዛት ነው፤ ውጫዊውን ድምፅ ስለሚከለክል መጨመር አያስፈልጋችሁም። በየሰዓቱ ትንሽ አውጥታችሁ ጆሯችሁን አሳርፉ።

መኪና ያመኛል፣ ሙዚቃ ይረዳኛል?

እኔን ይረዳኛል፣ ስልኬን ካላየሁ። የሚያቅለሸልሸው ዓይን የቆመ ነገር እያየ ሰውነት ሲወዛወዝ ነው። ዘፈን እየቀያየራችሁ ስልክ ላይ ካፈጠጣችሁ ያባብሰዋል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ቀድማችሁ አዘጋጁ፣ ስልኩን ኪስ ውስጥ ክተቱ፣ ርቆ ያለውን ተራራ እዩ። ከፊት መቀመጫ ካገኛችሁ ይመረጣል። ሎሚም ያዙ።

ራሴ የምነዳ ከሆነስ?

ዝርዝሩ መኪናው ከመነሳቱ በፊት ያልቅ። እየነዱ ዘፈን መፈለግ የለም፣ አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው ይቀይር። ማዳመጫ በሁለቱም ጆሮ ሰክታችሁ አትንዱ፣ ጡሩምባ መስማት አለባችሁ። በአዳማው ፈጣን መንገድ ላይ ስትሄዱ ደግሞ ፈጣን ዘፈን እግርን እንደሚያከብድ እወቁ፤ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፣ ምቱ ሲፈጥን ነዳጅ መስጫው ላይ ያለው እግር ሳታውቁት ይጫናል። እዚያ መካከለኛ ነገር ነው የሚሻለው፣ የጥላሁን ገሠሠ ዓይነት፣ አብሮ የሚዘፈን። እንቅልፍ ከመጣ ግን ዘፈን አያድንም። ድምፅ መጨመር ያነቃ ይመስላል እንጂ እንቅልፉ እዚያው ነው። ዳር ይዛችሁ ቁሙ፣ ተኙ፣ ቡና ጠጡ።

ከወላጆቼ ጋር ስሄድ ምን ልክፈት?

ጠይቋቸው። አባቴን ለሕክምና አዲስ አበባ ይዤው ስመጣ ምን ልክፈትልህ አልኩት፤ የካሳ ተሰማን ክራር የሚለኝ መስሎኝ ነበር፣ እሱን እንደሚወድ ስለማውቅ። እሱ ግን "ጥላሁንን" አለኝ። ከፈትኩለት። ሁለተኛው ዘፈን ላይ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ እናቴን መጀመሪያ ያየበትን ቀን ነገረኝ። ሠላሳ ዓመት በአንድ ቤት ስንኖር ነግሮኝ አያውቅም። አንድ ማዳመጫ ለሁለት ተካፍለን፣ አንዱ ጆሮ የእሱ አንዱ የእኔ፣ እንዲህ ሆነን ነው ሸዋ ሮቢትን ያለፍነው።

ጥላሁን በሚያዝያ 2001 ዓ.ም. ነው ያረፈው። ለወላጆቻችን ትውልድ ግን አሁንም በየመንገዱ አለ። ለልጆች ደግሞ አብረው የሚያጨበጭቡበት ነገር ያዙ፣ አንዱን ዘፈን አሥር ጊዜ ድገሙልኝ ቢሉም ድገሙላቸው።

ከአገር ለምወጣስ?

ይሄን ብዙ ጊዜ የሚጠይቁኝ ወደ ዓረብ አገር ለሥራ የሚሄዱ ልጆች ናቸው። ዘፈን የሚያስፈልጋችሁ ለአውሮፕላኑ ሳይሆን ለመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። በሙሉ ፋይሉን ይዛችሁ ሂዱ፤ ስልክ ሊወሰድ፣ ኢንተርኔት ሊከለከል ይችላል፣ ትንሽ ሜሞሪ ካርድ ግን ልብስ ስፌት ውስጥ ትገባለች። የትዝታውን ብቻ አትያዙ። እናታችሁ ወጥ እየሠራች የምታንጎራጉረው ዘፈን ካለ እሱን ያዙ። ከቻላችሁ ደግሞ እሷ ራሷ ስታንጎራጉር በስልክ ቅዱት። እኅቴ ቤይሩት በነበረችባቸው አራት ዓመታት ብዙ የሰማችው ያን ነው፤ ከበስተጀርባው ድስት ሲንሿሿና ዶሮ ስትጮህ ይሰማል።

አንድ ዘፈን ብቻ ምረጪ ብትባዪ?

የማሪቱ አምባሰል፣ ሀረጎ ላይ። ሌላ የለኝም። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ እዚያ ቦታ ላይ እስከ መጨረሻው ሰምቼው አላውቅም። ሁልጊዜ ግማሽ ላይ ስንደርስ ስልኬ ይጮሃል። እናቴ ናት። "የት ደረስሽ?" ትላለች። "ሀረጎ" እላታለሁ። "በይ ቡናውን ልቁላ" ብላ ትዘጋዋለች።